ሌሊቱን ለማን እንንገረው? እንቅልፍ ማጣትና ከሩቅ የሚፈለግ ሕክምና በጎንደርና በጭልጋ ታሪክ



በዚህ ንግግር የማነሣው ጉዳይ መጀመሪያ ሲሰሙት ከታሪክ ይልቅ የሕክምና ጉዳይ ይመስላል። እንቅልፍ ማጣት የሐኪም ሥራ ነው፤ በስልክና በኢንተርኔት ሐኪም መፈለግም የቅርብ ዘመን ነገር ነው፤ ታሪክ ተመራማሪን በዚህ ምን አገባው? የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ይህ ነው። ከጎንደር በስተ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በመተማ መንገድ ላይ በምትገኘው በአይከል ከተማ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንቅልፍ የራቀው ሰው ስልኩን አንሥቶ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ቢጽፍ፣ መሣሪያው አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው አዲስ አይደለም። ከእርሱ በፊት በዚያው ደጋ የኖሩ ሰዎች በዚያው ሰዓት ያደረጉትን ያደርጋል፤ ሌሊቱን የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

የንግግሬ ፍሬ ሐሳብ አንድ ነው። በአገራችን እንቅልፍ ላጣ ሰው የተሰጠው እርዳታ ታሪክ፣ ከመድኃኒቱ ታሪክ ይልቅ የሰሚው ታሪክ ነው። ከሩቅ የመጣ እርዳታም በየዘመኑ ፍሬ ያፈራው በአቅራቢያ ቃሉን የሚተረጉም፣ ሕመምተኛውንም የሚከታተል ሰው ሲያገኝ ነው። ይህን ለማሳየት ከጥንቱ ሌሊት ተነሥቼ እስከ ዛሬይቱ አይከል እመጣለሁ። የአውሮፓን አቆጣጠር ስጠቅስ «እ.ኤ.አ.» እላለሁ፤ የራሳችንን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።

ሌሊቱ ሥራ በነበረው ጊዜ

እንቅልፍ ማጣትን ለመረዳት አስቀድሞ ሌሊት ምን እንደ ነበረ መጠየቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የቀኑ ጸሎት ሰባት ጊዜ ነው፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ከእነዚህ አንዱ በመኝታ ጊዜ የሚጸለይ ሲሆን ሌላው በሌሊቱ እኩሌታ የሚጸለይ ነው። ስለዚህ የሥርዓቱ ሰው በመንፈቀ ሌሊት መንቃቱ የታወቀና ስም ያለው ነገር ነበር። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የደረሱት መጽሐፈ ሰዓታት ለዚህ ሌሊት የተዘጋጀ ምግብ ነው። በጎንደር ደግሞ በዓታ ለማርያም የአቋቋም ትምህርት መፍለቂያ ሆና ኖራለች፤ በዋዜማና በበዓል ሌሊት ካህናቱና ደብተራዎቹ ማሕሌት ቆመው ያድራሉ። መቋሚያው ራሱ የዚህ ሌሊት ምስክር ነው፤ ለዝማሬው ሥርዓት ያገለግላል፤ ነቅቶ የሚያድረውንም ሰውነት ይደግፋል።

ሌሊቱ የካህናት ብቻ አልነበረም። በጎንደርና በጭልጋ የሚኖረው ሙስሊም በረመዳን ለሱሑር ይነሣል፤ ከዚያም ውጭ የሌሊት ሶላት የሚሰግድ አለ። ገበሬው እህሉ በሚያፈራበት ወራት ማማ ላይ ወጥቶ ማሳውን ከአውሬ ሲጠብቅ ያድራል። የአራስ ቤትና የለቅሶ ቤትም ሰው ተሰብስቦ የሚነቃባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ ዛሬም ናቸው።

ስለ እንቅልፍ የሚጽፉ የታሪክ ሰዎች በዚህ ነጥብ ላይ ብርቱ ክርክር አላቸው። አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ሮጀር ኤከርች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት አውሮፓውያን ሌሊቱን ለሁለት ከፍለው «የመጀመሪያ እንቅልፍ» እና «ሁለተኛ እንቅልፍ» ይተኙ እንደ ነበር አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታንዛኒያ፣ በናሚቢያና በቦሊቪያ ኤሌክትሪክ በሌላቸው ሦስት ማኅበረሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ሰዎቹ በአማካይ በሌሊት ከ5.7 እስከ 7.1 ሰዓት እንደሚተኙና እንቅልፋቸውም ባብዛኛው አንድ ወጥ እንደ ሆነ አሳይቷል። ሁለቱን ስናነጻጽር የምንማረው፣ ለሰው ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት «የተፈጥሮ ሌሊት» አለ ብሎ መደምደም እንደማይቻል ነው። ሌሊትን ሰውነትና ሥርዓት አብረው ይሠሩታል።

ይህን የምለው ቀድሞ እንቅልፍ ያጣ ሰው አልነበረም ለማለት አይደለም። በመጽሐፈ አስቴር ስድስተኛው ምዕራፍ ንጉሥ አርጤክስስ እንቅልፍ ባጣ ሌሊት የዘመኑ ታሪክ መጽሐፍ በፊቱ እንዲነበብ አዘዘ። የጎንደር ነገሥታትም ዜና መዋዕል የሚያስጽፉ ነበሩና ይህ ታሪክ በቤተ መንግሥቱ የተለየ ድምፅ ሳይኖረው አይቀርም። ነገሩን ልብ ብለን ስናየው ግን ንጉሡ ያዘዘው መድኃኒት አልነበረም። ያዘዘው አንባቢ ነው። ንቃት ቦታና ባልንጀራ ነበረው። የሚያስጨንቀው ንቃት ብቸኛው ንቃት ነው።

ክታብ፣ ዛርና የሚጠይቀው ሰው

ንቃቱ ሲበረታ፣ ሕልሙ ሲከፋ፣ ሌሊቱ ወደ ፍርሃት ሲለወጥ ሰው ወዴት ይሄድ ነበር? አማርኛ ለዚህ የራሱ ቃላት አሉት። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ደረትን ተጭኖ መላወሻ የሚያሳጣውን ነገር ሰው «ዱካክ» ይለዋል። ዛሬ ሐኪሞች የእንቅልፍ ሽባነት ከሚሉት ጋር በብዙ ይቀራረባል። ጫት ያቋረጡ ሰዎችም የሚያስጨንቃቸውን ክፉ ሕልም በዚሁ ስም ይጠሩታል።

የመጀመሪያው በር የደብተራው በር ነበር። የብራና ክታብ የሚጻፍለት ሰው ስሙን፣ በተለይም የክርስትና ስሙን ይናገራል፤ ስሙም በጸሎቱ መካከል በየቦታው ይገባል። የክታቡ ቁመት ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሆናል። የቅዱስ ሱስንዮስን ጸሎት የያዘው ክታብ ለእናቶችና ለሕፃናት የታወቀ ነው፤ ባርያና ሌጌዎን የተባሉትን መናፍስት ለማራቅ የሚጻፍም አለ። በእነዚህ ጽሑፎች እናምንም አናምንም፣ አሠራራቸው አንድ ነገር ያስተምረናል። ጸሓፊው ሰውየውን ሳይጠይቀውና ሳይለካው፣ ስሙንም ሳይሰማ ሊጽፍለት አይችልም።

ሁለተኛው በር የዛር ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የዳካር–ጅቡቲ የምርምር ጓድ ጎንደር በቆየበት ወራት፣ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ የዛር ባለ ውቃቢ በነበሩት በወይዘሮ መልካም አየሁ ቤት ብዙ ሌሊት ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው መጽሐፍም በጎንደር ዛር ላይ ከተጻፉት ሥራዎች ዋነኛ ሆኖ ይጠቀሳል። በዚያ ቤት ሌሊቱ በቡና፣ በከበሮና በጭብጨባ ያልፋል፤ ታማሚዋ ምን እንደሚያማት ከመጠየቋ በፊት ማን እንደ ያዛት ትጠየቃለች፤ ታሪኳም በሌሎች ፊት ይነገራል። ሦስተኛው በር ጸበል ነው፤ እርሱም ዛሬም የሚጎበኝ በር ነው።

እነዚህን በሮች ስገልጽ እንከናቸውን መደበቅ አይገባም። ወጪያቸው ድሀውን ያደኸየበት፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ታስሮ የቆየበት፣ ሊድን የሚችል ሕመም ጊዜ ያለፈበት ብዙ ነው። ቢሆንም በእነርሱ ዘንድ ሕመምተኛው ሌሊቱን የሚያወራው ሰው አላጣም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ሁለት ወገን አለው፤ ተናጋሪ ያስፈልጋል፤ ተናጋሪም ሰሚ ያስፈልገዋል።

ከካይሮ የተጠራው ሐኪም

ከሩቅ ሐኪም መፈለግ ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም። ዐፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ በቆዳ ሕመም በተቸገሩ ጊዜ፣ ሐጂ ዓሊ የተባለውን መልእክተኛ ሐኪም እንዲፈልግ ወደ ካይሮ ላኩት። ሐጂ ዓሊ በዚያ ፈረንሳዊውን ሐኪም ሻርል ዣክ ፖንሴን አገኘ። ፖንሴ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1698 ከካይሮ ተነሥቶ በዓባይ ሸለቆና በስናር በኩል ተጉዞ፣ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1699 ነው። አብሮት የመጣው ኢየሱሳዊ ካህን ደ ብሬቭዳን ጎንደርን ሳያይ በመንገድ ሞተ። ፖንሴ ንጉሡን አክሞ እ.ኤ.አ. በ1700 ተመልሷል።

የጎንደርና የስናር ግንኙነት የሚያልፍበት ይህ የምዕራብ አገር ጭልጋን ይጨምራል፤ ጭልጋ የንግድ በር ነበረችና። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋናው ሰው ሐኪሙ ፖንሴ አይደለም፤ ሐጂ ዓሊ ነው። የንጉሡን ሕመም የሚያውቅ፣ የሁለቱን ወገን ቋንቋና ጠባይ የሚለይ፣ ሐኪሙን በበረሃ መርቶ በሕመምተኛው ፊት የሚያቆም ሰው ባይኖር ኖሮ፣ በካይሮ ያለው ዕውቀት ለጎንደር ምንም አልነበረም። ያን ጊዜ በጥያቄና በመልስ መካከል ከአንድ ዓመት በላይ አለፈ፤ ዛሬ መልሱ በሰከንድ ይደርሳል። የአገናኙ ቦታ ግን በብዙ ስፍራ ባዶ ነው።

ከሰባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1770፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ ፈንጣጣ ቤተ መንግሥቱን ይዞት ነበር። በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ሕፃናትን በመንከባከቡ በታላላቆቹ ዘንድ ተቀባይነት አገኘ። ብሩስ የሐኪም ዲግሪ አልነበረውም፤ መታመን የጀመረው ከሕመምተኞቹ አጠገብ ስለ ተቀመጠ ነው።

ከወረርሽኝ እስከ ሕክምና ኮሌጅ

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን እርዳታው ተቋም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ። በማግስቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ትብብር ተከፈተ። ኮሌጁ ያሰለጠነው የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ የሚወጡ ነበሩ፤ በደንቢያ ያለችው ቆላ ድባም ከልምምድ ቦታዎቹ አንዷ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1978 የሐኪሞች ትምህርት ሲጀመር የላይፕሲሹ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ አጋር ነበር። ከሩቅ የመጣው ዕውቀት እንደገና በአገር ልጅ እጅ ተላለፈ።

የአእምሮ ሕክምና ግን ዘግይቶ መጣ። ለብዙ አሥርት ዓመታት አገሪቱ በአዲስ አበባው በአማኑኤል ሆስፒታል ላይ ተደግፋ ኖረች። በአገር ውስጥ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ከጭልጋ የተነሣ ሕመምተኛ ሐኪሙን ለማየት የጎንደርን፣ የባሕር ዳርንና የአዲስ አበባን መንገድ መቁጠር ነበረበት። ለዚያ መንገድ የሚወጣውም ልብሱን የጣለ፣ ቤት ያወከ ሕመምተኛ ነው። ዝም ብሎ ነቅቶ የሚያድረውን ማን ያስታውሰዋል?

በዚያው መቶ ዓመት እንቅልፍ ራሱ በፋብሪካ የሚመረት ነገር መሰለ። በጀርመን ቬሮናል የተባለው የባርቢቹሬት መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1903 ታወቀ፤ ዳያዚፓም እ.ኤ.አ. በ1963 ገበያ ላይ ወጣ። ዳያዚፓም በአገራችንም የታወቀ ነው። ለአጭር ጊዜ በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ይጠቅማል፤ በየሌሊቱ ለወራት ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል፤ በድንገት ሲቋረጥ ሌሊቱ ከቀድሞው የከፋ ይሆናል። ከመድኃኒቱ ጋር ንግግሩ ቀረ። ክታቡን የጻፈው ደብተራ ስም ይጠይቅ ነበር፤ ፍሬ ኪኒኑ ግን የማንንም ስም ሳይጠይቅ ይሸጣል።

ቡናም የራሱ ታሪክ አለው። በጎንደር ክርስቲያኖች ዘንድ ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው ተብሎ ይሸሽ የነበረበት ዘመን ነበር፤ በክርስቲያኑ ቤት የተስፋፋው ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። ዛሬ አቦል፣ ቶናና በረካ በማታም ይፈላል። ካፌይን የእንቅልፍ ግፊት የሚያመጣውን አዴኖሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ያግዳል፤ ከሰውነት እኩሌታው እስኪወጣ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የጠጣነው ቡና እኩሌታው በመንፈቀ ሌሊት ከእኛ ጋር አለ ማለት ነው።

የዛሬው ሳይንስ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1982 አሌክሳንደር ቦርቤይ እንቅልፍን በሁለት ኃይሎች ገለጸው። አንደኛው ነቅተን በቆየን ቁጥር የሚከማች ግፊት ነው፤ ሁለተኛው ብርሃንን የሚከተል የሰውነት ሰዓት ነው። አርተር ስፒልማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 እንቅልፍ ማጣት እንዴት ሥር እንደሚሰድ በሦስት ምክንያቶች አስረዳ፤ የሚያጋልጥ ጠባይ፣ የሚቀሰቅስ ድንጋጤና የሚያቆይ ልማድ። የሚቀሰቅሰው ሐዘን ወይም ፍርሃት ካለፈም በኋላ ሰውየው አስቀድሞ መተኛትን፣ በአልጋ ላይ ሰዓት መቁጠርን፣ ቀን ማሸለብን ይለምዳል። እነዚህ ልማዶች ሕመሙን ያቆዩታል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት፣ ለሦስት ወር ያህል የቆየና ቀኑን የሚያውክ እንቅልፍ ማጣትን የሌላ ሕመም ጥላ ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ቆጠረው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ለአዋቂ ታማሚ የመጀመሪያው ሕክምና ከኪኒን በፊት የአስተሳሰብና የልማድ ሕክምና እንዲሆን መክሯል። ይህ ሕክምና ምሥጢር የለበትም። እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መተኛት፤ ካልመጣ ከአልጋ ተነሥቶ በጸጥታ መቀመጥ፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣት፤ በአልጋ የሚቆዩበትን ጊዜ በእውነት ከሚተኙበት ጋር ማቀራረብ፤ የእያንዳንዱን ሌሊት ውሎ መመዝገብ። የጊዜ ማሳጠሩ የሚጥል በሽታ ወይም ከፍና ዝቅ የሚል የስሜት ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ያለ ባለሙያ አይደረግም።

እንግዲህ ይህ ሕክምና በስልክና በኢንተርኔት ሊሰጥ ይችላል ወይ? ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በስምንት ሳምንት ውስጥ ስድስት የስልክ ውይይት ያደረጉ ሴቶች እንቅልፋቸው በግልጽ እንደ ተሻሻለ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ፣ ስሊፒዮ የተባለውን የኢንተርኔት ሕክምና ሐኪሞች ከኪኒን ይልቅ እንዲጠቀሙበት መክሯል። ስለዚህ ጥያቄው በሩቅ ማከም ይቻላል ወይ አይደለም። ጥያቄው በአይከል እንዴት ይሠራል ነው።

አይከል ዛሬ

በ2013 ዓ.ም. አይከልና አካባቢዋ በግጭት ተመትተዋል። ሰዎች ሞተዋል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ ብዙዎች ተፈናቅለዋል፤ ድንበር ተሻግረው ወደ ሱዳን የገቡም አሉ። አማራና ቅማንት፣ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ከተማ ጎረቤቱን የሚጠረጥር ሌሊት አሳለፈች። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ውጊያ በመበርታቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በአብዛኛው ክልል ለረጅም ወራት ተቋረጠ።

በዚህ ሁኔታ እንቅልፍ ያጣ ሰው እንዴት ይታያል? የውጭ አገር መመሪያ «አልጋዎ የሰላም ቦታ ነው፤ ጭንቀትዎ የተጋነነ ነው» ብሎ ሊነሣ ይችላል። በር ላይ የሚሰማ ኮቴ በእውነት ሞት ያመጣበት ሰው ግን ጭንቀቱ የተጋነነ አይደለም። ንቃቱ ጥበቃ ነበር። ሕክምናው የሚጀምረው ያ ጥበቃ ምክንያት እንደ ነበረው በመቀበል ነው፤ ከዚያ በኋላ አደጋው ባለፈበት ሌሊት ሰውነት እንዴት ዘብነቱን እንደሚተው ማሠልጠን ይመጣል። ይህን የሚለይ የአካባቢውን ዓመታት የሚያውቅ ሰው ነው።

ሌላው እንቅፋት የሰዓት ጉዳይ ነው። የእንቅልፍ መዝገብ የዚህ ሕክምና አጥንት ነው። የአገራችን ሰው «በ4 ሰዓት ተኛሁ፤ በ9 ሰዓት ነቃሁ» ብሎ ሲጽፍ ከምሽቱ 4 ሰዓትንና ከሌሊቱ 9 ሰዓትን ማለቱ ነው፤ ይህም አምስት ሰዓት እንቅልፍ ነው። ከመንፈቀ ሌሊት መቁጠር የሚጀምር የውጭ ፕሮግራም ግን ሰውየው ጎሕ ሊቀድ ሲል ተኝቶ ከረፋዱ በፊት የተነሣ አድርጎ ያነብበዋል። የእንቅልፉ ርዝመት ልክ ነው፤ ቦታው ግን ሁሉ ስድስት ሰዓት ተዛንፏል። በዚህ ላይ የሚሰጠው ምክር፣ ስለ ብርሃንም ሆነ ስለ መኝታ፣ ሰውየውን ወደ ተሳሳተ ሰዓት ይመራዋል።

የቃልም ጉዳይ አለ። የአይከል ሰው «ኢንሶምኒያ አለብኝ» አይልም። «ሐሳብ በዛብኝ»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «ዱካክ ይጫነኛል» ይላል። እነዚህን ቃላት እየፈለገ የሚያነብ ፕሮግራም ልብ ሐኪም ዘንድ ወይም ራስ ምታት ኪኒን ዘንድ ሊልከው ይችላል። ከቃሉ በስተ ኋላ ሐዘን፣ መጠጥ፣ የታይሮይድ ሕመም፣ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖሩን መለየት የሚችለው ተከትሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። የስልኩም ባለቤት ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በአንድ ስልክ የሚጠቀሙበት ቤት ብዙ ነው። በዚያ ስልክ የተጻፈ ምሥጢር ምሥጢር ሆኖ ይቀራል ማለት አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ ምን እናውጣ? ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ሕክምናው በኢንተርኔት ላይ ብቻ ከተመሠረተ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ማግስት ሕመምተኛው እንደ ገና ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ጥሪ፣ አጭር መልእክትና የወረቀት መዝገብ አብረው ሊታቀዱ ይገባል፤ የስልኩ ጥናት እንዳሳየው ድምፅ ብቻ በቂ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ያሉ የአእምሮ ጤና ነርሶች የዘመኑ ሐጂ ዓሊዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በጎንደር ያለው ስፔሻሊስት በስልክ የሚሰጠውን ምክር በአይከል ሰውየውን በስሙ የሚያውቅ ሰው ተቀብሎ ይከታተለዋል። ከካህኑ፣ ከሼኹና ከአገር ሽማግሌው ጋርም መነጋገር ያስፈልጋል፤ ጸበል የሚሄደውን ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ የሚነግረው እነርሱ ሲሆኑ ይሰማልና። ሦስተኛ፣ የሚዘጋጀው ትምህርትና መዝገብ ከእንግሊዝኛ ተገልብጦ የሚመጣ ሳይሆን በአገሩ ሰዓትና በአገሩ ቃል የሚጻፍ ይሁን።

ለታሪክ ተማሪዎች ደግሞ አንድ የቤት ሥራ እተዋለሁ። የጦርነትን ታሪክ ስንጽፍ የተዋጊውን ቁጥር፣ የተያዘውን ከተማ፣ የሞተውን ሰው እንመዘግባለን። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነቅቶ ያደረውን ሕዝብ ግን የሚመዘግብ የለም። የጤና ጣቢያ ካርዶች፣ የጸበል ቤት ምስክርነቶች፣ የእናቶች ቃል፣ የመድኃኒት ቤት መዝገቦች የዚህ ታሪክ ምንጮች ናቸው። የሕመምተኛውን ምሥጢር ጠብቀን፣ ስሙን ሳናወጣ፣ ዛሬ ካልሰበሰብናቸው ከሃያ ዓመት በኋላ አናገኛቸውም። የሕክምና ተማሪዎችም ከዚህ ሥራ ሊርቁ አይገባም፤ ሕመምተኛን «ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ከማለት አስቀድሞ «ሌሊቱ እንዴት ያልፋል?» ብሎ መጠየቅ ታሪክን መጠየቅ ነውና። ይህን ጥያቄ አቅርቦ መልሱን እስከ መጨረሻ የሚሰማ ባለሙያ በአይከል ጤና ተቋም ሲኖር፣ በስልክ የሚመጣው ዕውቀት ማረፊያ ያገኛል።